«ሚስት» ማለት ከቻልን «ዎርክት» ማለት አያቅተንም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ አዋቂዎችን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀን ሥራ ውለው፣ ታክሲ ተጋፍተው የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ልጆቿን አሳድጋ ወደ ትምህርት የተመለሰች እናት አለች። ስለ እንግሊዝኛ ችሎታችን መድከም በጋዜጣም በሻይ ቤትም ብዙ ይወራል። ሁሌ የሚነሳው ግን ሰዋስው ነው፣ ወይም የቃላት እጥረት። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ድምፅ ነው። ድርጊቱ ያለፈ መሆኑን ለማሳየት በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ግስ መጨረሻ ላይ «ኢ» እና «ዲ» የሚባሉ ሁለት ፊደላት ይጨመራሉ። እንዴት እንደሚጻፉ ሁላችንም ተምረናል። እንዴት እንደሚነገሩ ግን የነገረን የለም፤ እኔንም ጨምሮ ማለት ነው፣ ያወቅሁት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነውና።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪዬ ክፍል ፊት ቆማ ስለ አባቷ ትናገር ነበር። አባቷ ከስንት ዓመት በኋላ ሲጋራ ማጨስ ማቆማቸውን ልትነግረን ነው። ደስ ብሏታል፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። «ማይ ፋዘር ስቶፒድ ስሞኪንግ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ስቱፒድ» ደደብ ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም፣ የሰሙት ደግሞ እሱን ነው። ደብተሯን ወስጄ አየሁት። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም። ልክ እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል ነው ያነበበችው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል እጇን አላወጣችም። ቃሉ «ስቶፕት» ነው። ባንድ ትንፋሽ የሚባል፣ «ፕ» እና «ት» መሃል ምንም የሌለበት። ይህች ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳቡንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ የተማረች ናት። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ አምስት ደቂቃ ወስዶ ይህን ቢነግራት ኖሮ ያን ቀን አንገቷን አትደፋም ነበር። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

እንደሷ ሁሉንም «ኢድ» እያሉ የሚያነቡ አሉ። «ዎርኪድ»፣ «ሄልፒድ»፣ «ክሊኒድ»። ሌሎች ደግሞ ጭራሽ ይውጡታል። እኔ ከሁለተኞቹ ነበርኩ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሥራ በስልክ ቃለ መጠይቅ ተደረገልኝ። ከዚያ በፊት የት እንደሠራሁ ስጠየቅ «አይ ዎርክ ኢን ኤ ስቶር» አልኩ። ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ ማለቴ ነው። በእኔ ቤት ስላለፈ ነገር ነው ያወራሁት። ጠያቂዋ «ታዲያ ለምን መልቀቅ ፈለግህ?» አለችኝ። «ከለቀቅኩማ ቆየሁ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ቅድም እዚያ እሠራለሁ አልከኝ፣ አሁን ለቅቄያለሁ ትለኛለህ፣ የቱን ልያዝ?» አለች። ድምፅዋ ተቀየረ። እንደዋሸሁ ነው የቆጠረችው። እኔም ምን እንዳጠፋሁ ስላልገባኝ ይበልጥ ተንተባተብኩ። ሥራውን አላገኘሁም። የጎደለችው አንዲት «ት» ናት። «ዎርክት» ብል ኖሮ ያ ጥያቄ አይመጣም ነበር።

«ትናንት» የሚል ቃል ካለበት ሰሚው ይገባዋል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይገባዋል። ግን በየዐረፍተ ነገሩ «ትናንት» አንልም። አንዲት ነርስ ለተረኛዋ ሐኪም ስለ አንድ ታካሚ ስትነግር መድኃኒቱን ያቆማል ነው ወይስ አቁሟል? ለታካሚው ትልቅ ልዩነት አለው። «ዘይ ሄልፕ ሚ» ስንል ሰዎቹ አሁንም እየረዱን ነው፣ «ዘይ ሄልፕት ሚ» ስንል ረድተውናል፣ አልፏል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ሕጉ ቀላል ነው። «ኢ» እና «ዲ» ብለን የምንጽፈው ነገር ሦስት ድምፅ አለው፤ «ት»፣ «ድ» እና «ኢድ»። የቱ የት እንደሚገባ የሚወስነው የግሱ የመጨረሻ ድምፅ ነው። ፊደሉን አላልኩም፣ ድምፁን ነው። ሁለት ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና «ስስስስ» በሉ። ጸጥ ያለ ነው። አሁን «ዝዝዝዝ» በሉ። ጉሮሯችሁ ይንዘረዘራል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ግሱ ጉሮሮን በማያንዘረዝር ድምፅ፣ ማለት በ«ፕ»፣ በ«ክ»፣ በ«ፍ»፣ በ«ስ»፣ በ«ሽ» ወይም በ«ች» ካለቀ የሚከተለው «ት» ነው። ዎርክት፣ ስቶፕት፣ ላፍት፣ ፓስት፣ ዎሽት፣ ዎችት። በሚያንዘረዝር ድምፅ ወይም በአናባቢ ካለቀ «ድ» ነው። ኮልድ፣ ኦፕንድ፣ ሊቭድ፣ ፕሌይድ። «ኢድ» የሚባለው ግሱ ራሱ ቀድሞ በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲያልቅ ብቻ ነው። ዎንቲድ፣ ስታርቲድ፣ ኒዲድ። እዚያ «ኢ» የገባችው ግድ ሆኖ ነው፣ «ት» ላይ ሌላ «ት» ደርበን ልዩነቱን ማሰማት ስለማንችል። («ማሪድ» ላይ የምትሰማው «ኢ» ግን የግሱ የራሱ ናት፤ «ማሪ» ሲደመር «ድ» ነው።)

ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ የሚሉት አንድ ነው፣ «የኛ አፍ አይችለውም»። አማርኛ ሁለት ተነባቢ ቃል መጨረሻ ላይ አይወድም፣ መሃሉ ላይ ትንሽ «እ» ካላስገባን አይሆንልንም ይላሉ። ይህን አባባል አልቀበልም። እስቲ «ሚስት» በሉ። መጨረሻው ላይ «ስ» እና «ት» ተጣብቀዋል፣ መሃል ምንም የለም። «አውቶቡሱ አመለጠኝ» ለማለት እንግሊዞች የሚሉት ቃል ራሱ «ሚስት» ነው። ድምፁ ያው ነው። «ሦስት» የሚል ሰው «ፓስት» ይላል። «ክፍት» የሚል ሰው «ላፍት» ይላል፣ ሕንፃ ላይ በየቀኑ «ሊፍት» እያልን እንወጣ የለ? «መልእክት» የሚል፣ ከዚያም በላይ በየመሥሪያ ቤቱ ቀኑን ሙሉ «ፕሮጀክት» ሲል የሚውል ሰው እንዴት «ቼክት» ማለት ያቅተዋል? ለ«ድ»ም ቢሆን ሞልቶናል። «ኦፕንድ» የሚያልቀው እንደ «ወንድ» እና «ክንድ» ነው። «ኮልድ» ከ«ቀልድ» ጋር ቤት ይመታል። «ክላይምድ» እንደ «ልምድ»። ለ«ስቶፕት» «ሀብት» የሚለውን ቶሎ እያሉ መለማመድ ነው፣ «ብ»ዋ ራሷ ወደ «ፕ» ትጠጋለች። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሳይገቡ የሚለምዱትን ድምፅ እኛ አንችልም ስንል ይገርመኛል።

ያቺን ስለ አባቷ የተናገረችውን ልጅ ያስተማርኳት እንዲህ ነው። ሰሌዳው ላይ «ሀብት» ብዬ ጻፍኩላት። አነበበችው። «ሃ»ዋን በእጄ ሸፈንኩና «ብት» ላይ እንድትቆም አደረግኳት። ከዚያ «ስቶ» የሚለውን ፊቱ ላይ አስገባንበት። መጀመሪያ ላይ አሁንም «እ» ትገባባት ነበር። አንድ እጇ ጉሮሮዋ ላይ፣ በሌላው ጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች፣ አንድ ምት ብቻ መሆን እንዳለበት ራሷ እየቆጠረች ደጋገመችው። ሁለት ጊዜ ከመታች ታቆማለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ምናልባት ሃያኛው ላይ ይሆናል፣ አንድ ምት ሆነ። ቀና ብላ አየችኝ። ምንም አላልንም፣ ሁለታችንም ሰምተነዋል።

ታዲያ አፋችን ከቻለ ችግሩ የት ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ጆሮ ላይ። በአማርኛ ጊዜ የሚታወቀው በቃሉ መላ ቅርፅ ነው። «ሠራሁ» እና «እሠራለሁ» ገና ከመጀመሪያው ድምፅ ይለያያሉ፣ ሰሚው ጭራው ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠብቀው ነገር የለም። ደግሞም የኛ ግስ የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ተናጋሪው እስኪጨርስ መጠበቅ ለምደናል፣ ሲጨርስ ደግሞ ሁሉ ነገር ግልጽ ሆኖ ይመጣልናል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። ግሱ ዐረፍተ ነገሩ ሲጀምር አካባቢ ቶሎ ይመጣል፣ ያለፈ መሆኑን የሚነግረን ደግሞ አንዲት ተነባቢ ጭራው ላይ ብቻ ናት፣ ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። የኛ ጆሮ እዚያች ላይ መቆም አልለመደም። ያልሰማነውን ደግሞ አንናገርም።

ሁለተኛው አጻጻፋችን ነው፣ ለእናንተ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። በአማርኛ የተዘጋጁ የእንግሊዝኛ መማሪያዎች፣ በየመንገዱ አስፋልት ላይ የሚሸጡትም ስልክ ላይ የሚዘዋወሩትም፣ አነባበቡን በፊደላችን ሲያሳዩ «ዎርክድ»፣ «ስቶፕድ»፣ «ሄልፕድ» ብለው ይጽፋሉ። የእንግሊዝኛውን «ዲ» አይተው «ድ» አደረጓት፣ አለቀ። የኛ ሳድስ ፊደል ደግሞ ሁለት ሥራ አላት። አንዳንዴ ትንሽ «እ» አዝላ ትነበባለች፣ አንዳንዴ ባዶዋን። «ክፍት» ስንል «ክ» ላይ «እ» አለች፣ «ፍ» ላይ ግን የለችም። ማንም ሳይነግረን በትክክል የምናነበው ቃሉን ስለምናውቀው ነው። የማናውቀው ቃል ላይ ስንደርስ ግን እንገምታለን። «ክ» ቀጥሎ «ድ» ደግሞ ለማንም ምላስ ከባድ ነው፣ አንዱ ጉሮሮን አያንዘረዝርም፣ ሌላው ያንዘረዝራል። ስለዚህ ተማሪው እንዲቀልለው «እ» ያስገባል፣ ይሄኔ «ዎርክእድ» ሆነ። እንግሊዞቹ ራሳቸው ይህን ስለማይችሉት ነው «ድ»ዋን ወደ «ት» የለወጧት! እነሱ ያቃለሉትን ነገር እኛ በጽሑፋችን መልሰን እናከብደዋለን። «ዎርክት» ብሎ መጻፍ አንዲት ፊደል ነው የሚለውጠው።

ይቺ «ኢ» እኮ ድሮ ትነገር ነበር። ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት እንግሊዞች ራሳቸው ያለፈ ጊዜን እንደ ተማሪዬ አናባቢዋን ሳይውጡ ይሉት ነበር። ቀስ በቀስ ዋጧት። አየርላንዳዊው ደራሲ ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1712 ይህ መዋጥ ቋንቋውን አበላሸው ብሎ በጽሑፍ አጥብቆ አማርሯል፣ ግን ማንም አልሰማውም፣ ንግግሩ ሄደ፣ ፊደሉ ባለበት ቀረ። ዛሬም የድሮው አነባበብ ጥቂት ቅፅሎች ላይ ተርፏል። ራቁት ማለት «ኔኪድ» ነው፣ ክፉ ማለት «ዊኪድ»፣ በጸሎት መጻሕፍት ላይ ቡሩክ ወይም ብፁዕ ለማለት «ብሌሲድ»። ተማረ ሲሆን «ለርንድ»፣ የተማረ ሊቅ ሲሆን ደግሞ «ለርኒድ»። ስለዚህ «ዎርኪድ» የሚል ተማሪ አእምሮው አልደከመም። የሚታየውን ፊደል አምኖ ነው ያነበበው፣ ፊደሉ የቆየ መሆኑን ማንም ስላልነገረው።

ትምህርት ቤት ለምን አይነግሩትም? መምህራኑን ብቻ መውቀስ አልፈልግም፣ እነሱም በዚያው መንገድ ነው ያለፉት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጥያቄ ግን ምርጫ ነው። ተማሪውን ተናገር የሚለው ክፍል የለም። የማይፈተን ነገር ክፍል ውስጥ ጊዜ አያገኝም፣ ይህን ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ልጁ ውጭ አገር ለመማር አየልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ልፈተን ሲል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲናገር ይጠየቃል። የንግግር ውጤቱ የሚሰጠው በ4 መመዘኛ ነው፣ አንዱ ሰዋስው፣ አንዱ አነጋገር። «ት»ዋን የዋጠ ልጅ ሁለቱም ላይ ይቀነስበታል፣ ምክንያቱም ፈታኙ የሚሰማው ልጁ ያለፈ ጊዜ እንደማያውቅ ነው። ጽሑፍ ላይ አንድ ቀን ተሳስቶት የማያውቀውን ነገር።

አንዳንዱ ደግሞ «ፈረንጅ ለመምሰል ነው» ይላል። አይደለም። የአበሻ ለዛ ያለው እንግሊዝኛ እወዳለሁ፣ ተማሪዎቼንም አፍንጫችሁን ይዛችሁ ተናገሩ ብዬ አላውቅም። «ር»ን አጥብቀን ብናነባት፣ ዜማችን የራሳችን ቢሆን ማንም አይጎዳም። ይቺ ግን ለዛ አይደለችም፣ ትርጉም ናት። «መጣ» ለማለት ፈልጎ «ይመጣል» የሚል ሰው በየትኛውም ቋንቋ አይገባንም።

ልምምድ የሚፈልግ ካለ የምመክረው አለኝ። ቃሉን ለብቻው ይዞ ከመታገል ቀጥሎት በአናባቢ የሚጀምር ቃል ማስከተል። «ዎርክት ኢን» ሲባል «ት»ዋ ወደ ሚቀጥለው ቃል ትሻገራለች፣ «ዎርክ-ቲን» ትሆናለች። «ሊቭድ ኢን» «ሊቭ-ዲን»። «ስቶፕት ኢት» «ስቶፕ-ቲት»። ይህ ለኛ በጣም ይቀናናል፣ አማርኛም ተነባቢን ከአናባቢ ጋር ማጣመር ይወዳል፣ ማታ ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት ለውጡ ሲመጣ አይቻለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ራሱ በ«ት» ከጀመረ ደግሞ፣ ለምሳሌ «ዎክት ቱ» ሲባል፣ ሁለቱ አንድ የጠበቀች «ት» ይሆናሉ። መጥበቅና መላላት ደግሞ የኛ ዕቃ ነው፣ «አለ» ጠብቆ ሌላ፣ ላልቶ ሌላ እንደሆነ እያወቅን አድገናል። «ፊልም ላይ እነሱም ይውጡታል» የሚሉኝ ተማሪዎች አሉ፣ ልክ ናቸው። ተነባቢዎች ሲደራረቡ ይውጣሉ፣ «አስክት ሚ» የሚለውን «አስት ሚ» ሲሉት ትሰማላችሁ። ያኔም ቢሆን «ክ»ዋ ናት የጠፋችው፣ «ት»ዋ ቆማለች። አናባቢ ፊት ደግሞ አይጥሏትም።

ስልክ ያለው ሰው መዝገበ ቃላቱ ላይ የድምፅ ማጉያ ምልክቷን ተጭኖ መስማት ይችላል። ያለፈውን ጊዜ ራሱን ጽፋችሁ አሰሙት፣ «ዎርክ»ን ብቻ አይደለም።

ከእናንተ ከዝግጅት ክፍሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለተማሪዎች ወይም ለአንባቢ ብላችሁ የእንግሊዝኛ ቃል በፊደላችን ስታትሙ፣ ያለፈ ጊዜ ላይ ስትደርሱ እንደሚነገረው ጻፉት፤ «ዎርክት»፣ «ሄልፕት»፣ «ስቶፕት»። መማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሰዎችም ይህን ካነበባችሁ ለሚቀጥለው ኅትመት «ክድ»፣ «ፕድ»፣ «ስድ» ያላችሁባቸውን ገጾች አንድ ጊዜ እያያችሁ አርሟቸው። መምህራን ደግሞ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገቡ ሰሌዳው ላይ «ሚስት»፣ «ክፍት»፣ «ፕሮጀክት»፣ «ወንድ»፣ «ቀልድ» ብላችሁ ጻፉና ልጆቹን አስነብቧቸው። እንግሊዝኛውን ከዚያ በኋላ ጻፉት።

አክባሪያችሁ
አንድ የማታ እንግሊዝኛ አስተማሪ
ከአዲስ አበባ